ሶሃም፤ እስትንፋስ የሚናገረው ቃል

በኮሌጅ ሳለን ሒሳብ ያስተማሩን አንድ የሕንድ አገር ሰው ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ጠጕራቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸው ዘወትር ነጭ ነበረ። ወደ ክፍል ሲገቡ ጠመኔ ከማንሣታቸው በፊት ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ይሉ ነበር። እኛም በዚያች ደቂቃ ውስጥ የማንሠራው ተንኰል አልነበረም፤ ወረቀት እንወራወራለን፤ እንሣሣቃለን፤ አንዱ የሌላውን ደብተር ይደብቃል። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ተቈጥተው አያውቁም።

አንድ ቀን ከመካከላችን ደፋር የሆነው ተነሥቶ «መምህር፣ ዓይንዎን ሲጨፍኑ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «እኔ ምንም አልልም፤ የሚባለውን እሰማለሁ እንጂ» አሉና ወደ ሰሌዳው ሄደው ሁለት ድምፅ ጻፉ፤ አንዱ «ሶ»፣ ሁለተኛው «ሃም»። እስትንፋስ ሲገባ «ሶ»፣ ሲወጣ «ሃም» እንደሚል አስረዱን። ቀጥለውም ይህ ቃል ሳያቋርጡ ሲደጋግሙት ተገልብጦ «ሃምሳ» እንደሚሆን ሲናገሩ ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። የሒሳብ መምህር ከቍጥር ሁሉ መርጠው ሃምሳን ሲጠሩ መስማት ለእኛ ትልቅ ቀልድ ሆነልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ተረሳ፤ «ሃምሳ መጡ»፣ «ሃምሳ ፈተና ሊሰጡ ነው» ይባል ጀመር። እሳቸውም ይህን ሰምተው ይሥቁ ነበር።

ለምን ይሥቁ እንደ ነበረ የገባኝ ግን ተመርቄ፣ እኔም በተራዬ ጠመኔ ይዤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቆምሁ በኋላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ሶሃም የሳንስክሪት ቃል ነው። ሳንስክሪት ለሕንዶች፣ ግእዝ ለእኛ እንደ ሆነው ሁሉ፣ የጥንት መጻሕፍትና የሊቃውንት ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ «ሳህ» ማለት «እሱ» ማለት ነው፤ «አሃም» ማለት ደግሞ «እኔ» ነው። ሁለቱ ቃላት ሲጋጠሙ በሰዋስዋቸው ደንብ መሠረት የፊተኛው መጨረሻ ይለወጣል፤ የኋለኛው መነሻም ይዋጣል፤ ስለዚህ «ሶሃም» ይሆናል። ትርጕሙም «እኔ እሱ ነኝ» ማለት ነው። «ነኝ» የሚለው ግሥ ግን በቃሉ ውስጥ የለም፤ «እሱ» እና «እኔ» ጐን ለጐን ተቀምጠዋል እንጂ በመካከላቸው የገባ ነገር የለም።

ማንትራ የሚባለው በድምፅ፣ በሹክሹክታ ወይም በልብ የሚደጋገም ቃል ነው። ብዙውን ጊዜ መምህር ለደቀ መዝሙሩ መርጦ ይሰጠዋል። ሶሃም ግን ማንም ሳይሰጠው ሰው ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ የሚደግመው ነው ይላሉ። ስለዚህም «አጃፓ» ብለው ይጠሩታል፤ ይኸውም ሳይደግሙት የሚደገም ማለት ነው። ጌራንዳ ሳምሂታ የተባለው የዮጋ መጽሐፍ ሰው በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ይህን ቃል 21,600 ጊዜ እንደሚለው ይቈጥራል። እኔም ሒሳብ አስተማሪ ነኝና እርሳስ አነሣሁ። 21,600 ለ24 ሰዓት ሲካፈል 900 ይሆናል፤ 900 ለ60 ደቂቃ ሲካፈል 15 ይሆናል። የዛሬ ሐኪሞች አንድ ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንደሚተነፍስ ይናገራሉ። የድሮዎቹ ሰዎች ቍጥር እንግዲህ ከዚህ አልወጣም።

«ሃምሳ» ደግሞ በሳንስክሪት ቍጥር አይደለም፤ የወፍ ስም ነው። ከሂማልያ ተራሮች በላይ በርራ አገር የምታቋርጥ የዝይ ወገን ናት። በድሮ ቅኔያቸው ወተትና ውሃ ተቀላቅሎ ቢሰጣት ወተቱን ብቻ ለይታ ትጠጣለች ተብሎ ይነገርላታል። ስለዚህ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ ያወቀ ሰው በእርሷ ይመሰላል። ከመነኰሳት ሁሉ ከፍ ያለው ማዕርግ «ፓራማሃምሳ» ይባላል፤ ታላቁ ሃምሳ ማለት ነው። ከ1836 እስከ 1886 በአውሮፓ አቈጣጠር የኖረው የቤንጋሉ ራማክሪሽና የሚጠራው በዚህ ስም ነው። እንግዲህ አንባቢዎቼ ይፍረዱ። እኛ መምህራችንን ሰደብናቸው ብለን ስንደሰት፣ ሳናውቀው የአገራቸውን የመጨረሻ የክብር ስም ሰጥተናቸው ኖሯል!

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «እኔ እሱ ነኝ» ሲባል «እሱ» ማን ነው? «እኔ»ስ የትኛው ነው?

ኡፓኒሻድ የተባሉት የሕንድ መጻሕፍት ዋና ዋናዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተደረሱ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ ቻንዶግያ የተባለው፣ ስለ አንድ አባትና ልጅ ይተርካል። አባትየው ኡዳላካ ልጁን ሽቬታኬቱን በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሰደደው። ልጁም 12 ዓመት ሙሉ ተምሮ፣ መጻሕፍቱን ሁሉ በቃሉ አጥንቶ፣ በ24 ዓመቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን ከዕውቀቱ ይልቅ ኩራቱ በልጦ ነበር። አባትየውም ይህን አይቶ አንዱን በማወቅ ሌላው ሁሉ የሚታወቅበትን ነገር መምህሮቹን ጠይቆ እንደ ሆነ ጠየቀው። ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ይህን ታሪክ ሳነብ ዕድሜዬ ልክ 24 ዓመት ነበረና ደንገጥ ማለቴን አልሸሽግም። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ወደ አባቴ ቤት ስገባ አረማመዴ ተለውጦ ነበር፤ እናቴ ስቃ «ልጄ ነህ ወይስ እንግዳ?» ብላኛለች።

ኡዳላካ ልጁን ያስተማረው በቀላል ነገር ነው። ጨው በውሃ ውስጥ ጨምሮ እንዲያሳድር አዘዘው። በማግሥቱ ጨውን መልሰህ አምጣ ቢለው ሊያገኘው አልቻለም። ከላይ ቅመስ አለው፤ ጨው ነው። ከመካከል ቅመስ አለው፤ ጨው ነው። ከታች ቅመስ አለው፤ ያው ጨው ነው። በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን የሌለበት ስፍራ የለም። እንደዚሁም የዓለሙ ሁሉ መሠረት የሆነው፣ ብራህማን ብለው የሚጠሩት፣ የማይታይና በሁሉ ያለ ነው አለው። በዚህም ሳይወሰን፣ ልጁ ራሱ በባሕርዩ ያው እንደ ሆነ እየደጋገመ ዘጠኝ ጊዜ ነገረው። እንግዲህ ለእኔ እንደሚመስለኝ ሶሃም የዚህ ትምህርት መልስ ነው። መምህሩ «አንተ» ብሎ ያስተማረውን ተማሪው «እኔ» ብሎ ሲመልስ ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ አደራጅቶ ሥርዓት ያበጀለት በስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረው ሻንካራ ነው። በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ኬራላ በሚባለው አገር፣ ካላዲ በምትባል መንደር ተወለደ ይባላል፤ የሞተውም በ32 ዓመቱ እንደ ሆነ ይተረካል። ትምህርቱ አድቫይታ ይባላል። «ድቫይታ» ሁለትነት ነው፤ «አ» ደግሞ አፍራሽ ነው። ልብ በሉ፤ «አንድ ነው» አላሉም፤ «ሁለት አይደለም» አሉ እንጂ። ለሒሳብ አስተማሪ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንድ ካልን ከጐኑ ሁለትና ሦስት ይከተላሉ፤ እሱም ከሌሎች መካከል የሚቈጠር ነገር ይሆናል። እነርሱ የሚሉት ግን የማይቈጠረውን ነው።

ይህ ለጆሮ የሚከብድ ከሆነ፣ ያ መምህራችን በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ያቀረቡልን ጥያቄ ያቀለው ይሆናል። ዐሥር ሰዎች የሞላ ወንዝ ተሻገሩ። ማዶ ከደረሱ በኋላ ማንም እንዳልሰጠመ ለማወቅ አንዱ ተነሥቶ ቢቈጥር ዘጠኝ ሆኑበት። ሁለተኛው ቢቈጥር ዘጠኝ። ሦስተኛውም ቢቈጥር ዘጠኝ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ስለ ሞተው ወንድማቸው ተቀምጠው ያለቅሱ ጀመር። አንድ መንገደኛ ሲያልፍ ልቅሶውን ሰምቶ ቀረበና ዘጠኙን ቈጥሮ፣ ጣቱን ወደ ቈጣሪው አዙሮ «ዐሥረኛው አንተ ነህ» አለው። መምህሩ ይህን ተናግረው «ስሕተቱ የት ላይ ነው?» ሲሉን፣ እኛ በአንድ ድምፅ «ራሱን አልቈጠረም» ብለን በጣም ቀላል ጥያቄ መስሎን ተሳሳቅን።

ቀላል አልነበረም። ይህ ምሳሌ ከሻንካራ ጀምሮ በአድቫይታ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቪድያራንያም ፓንቻዳሺ በተባለው መጽሐፉ በሰፊው አብራርቶታል። ነገሩን እናስተውል። ዐሥረኛው ሰው ከወንዝ አልወጣም፤ ከሞትም አልተነሣም፤ ሊፈልገውም የሄደ የለም። ሲያለቅስ ሳለም ዐሥረኛው እሱው ነበረ። የተለወጠው ልቅሶው መቆሙ ብቻ ነው። ሶሃም የሚለው ሰውም አድሮ ውሎ ሌላ ነገር ይሆናል ማለት አይደለም፤ ድሮም የሆነውን ያውቃል ማለት ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ብለው አበው የተረቱት እንዲህ ላለው ሰው ይስማማል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማንም አስተዋይ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። ደካማ ፍጡር ተነሥቶ «እኔ እሱ ነኝ» ማለቱ ትዕቢት አይደለምን? እውነቱን ለመናገር፣ ማንትራውን ሳይማሩ ይህን ቃል የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ትንሽ ሹመት፣ ሰፊ ጠረጴዛና አንድ ተላላኪ ያገኘ ሰው ባለጉዳይ ሲመጣበት ፊቱን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል።

የአድቫይታ ሊቃውንት ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሱም መቀነስ ነው። ዴቫዳታ የተባለ ሰው በአንድ ከተማ አይታችሁ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ ከተማ ብታገኙት «ይህ ያ ዴቫዳታ ነው» ትላላችሁ። ያን ጊዜ ወጣት ነበረ፤ አሁን ሸምግሏል። ያን ጊዜ ሀብታም ነበረ፤ አሁን ደኽይቷል። ከ«ያ» ላይ ያን ዘመንና ያን ከተማ፣ ከ«ይህ» ላይ ይህን ዘመንና ይህን ከተማ ካልቀነሳችሁ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ይሆናል። ሲቀነስ ግን የሚቀረው ሰውዬው ራሱ ነው። በሶሃምም እንዲሁ ነው። ከ«እሱ» ላይ ፈጣሪነትና ሁሉን ገዢነት ይነሣል፤ ከ«እኔ» ላይ ስሜ፣ ደመወዜ፣ ዲግሪዬ፣ ንዴቴና ሥጋዬ ይነሣል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማወቅ ብቻ ነው፤ የሚታየውን ሁሉ የሚያይ፣ እሱ ግን የማይታይ። ስለዚህ ባለ ሹመቱ ቃሉን ሲል ይደምራል፤ ባለ ማንትራው ሲል ይቀንሳል።

ራማክሪሽናም ስለዚሁ ነገር አንድ ተረት ይናገር ነበር። አንድ ተማሪ ሁሉ አምላክ ነው የሚለውን ትምህርት ሰምቶ ደስ ብሎት ሲሄድ ያበደ ዝሆን በመንገድ መጣበት። ዝሆን ነጂው ከላይ ሆኖ «ሽሽ! ሽሽ!» እያለ ይጮኻል። ተማሪው ግን «ዝሆኑም አምላክ፣ እኔም አምላክ፤ ምን አሸሸኝ?» ብሎ ቆመ። ዝሆኑም በኩምቢው አንሥቶ ወረወረው። ሲድን ወደ መምህሩ ሄዶ ቢያማርር፣ መምህሩ «ልጄ፣ ዝሆኑ አምላክ ከሆነ ነጂውስ አምላክ አልነበረምን? እሱን ለምን አልሰማኸውም?» አለው ይባላል።

ደግሞም ሕንዶች ሁሉ በዚህ ትምህርት ተስማምተዋል ማለት አይደለም። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ራማኑጃ፣ ነፍስ ከአምላክ አትለይም፤ ነገር ግን ሥጋ ለነፍስ እንደ ሆነ ነፍስም ለአምላክ እንዲሁ ናት እንጂ ራሱ እሱ አይደለችም ብሎ ተከራክሯል። በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ማድቫ ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ አምላክና ነፍስ ለዘለዓለም ሁለት ናቸው አለ፤ ኡዳላካ ለልጁ የነገረውንም ቃል በሌላ ቦታ ቈርጦ «አይደለህም» ተብሎ እንዲነበብ አደረገ። አንዲት ፊደል ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ብትዛወር ስንት መቶ ዓመት እንደምታከራክር የእኛም የቅኔና የትርጓሜ ሊቃውንት ያውቁታል። ከአንባቢዎቼም መቁጠሪያ ይዘው የሚጸልዩ ነገሩ የሚመሳሰልባቸው ቢኖሩ፣ ልዩነቱን አይርሱት። ጸሎት የሚጸልይ ሰው «አንተ» ብሎ ይጀምራል፤ «አንተ» ብሎም ይፈጽማል። ሶሃም ግን «አንተ» የሚባል የሌለበት ቃል ነው። እኔ ይህን የምጽፈው ለማስረዳት እንጂ እምነት ለማስለወጥ አይደለም።

አሠራሩ ለሚያጓጓው ሰው በአጭሩ ይህ ነው። ሰውዬው ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል፤ እስትንፋሱን አያስረዝምም፤ አያሳጥርምም፤ ሲገባ «ሶ»፣ ሲወጣ «ሃም» የሚለውን በልቡ ያዳምጣል። ሐሳብ ሲወስደው ሳይቈጣ ይመለሳል። ቈይቶ ቃሉ ይቀርና እስትንፋሱ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያም እስትንፋሱን የሚሰማው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከ1879 እስከ 1950 የኖረው፣ ከ1896 ጀምሮ ከአሩናቻላ ተራራ ሥር ያልተለየው ራማና ማሃርሺ የሚያተኵረው በዚህ ላይ ነበር። «እኔ እሱ ነኝ» እያሉ መድገም ይረዳል፤ ነገር ግን እሱም ሐሳብ ነውና፣ ይህን የሚለው «እኔ» ማን ነው ብሎ መመርመር ይበልጣል ይል ነበር። በ1981 በቦምቤይ የሞተው ኒሳርጋዳታ ማሃራጅ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ቢዲ የተባለውን የአገሩን ሲጋራ እየሸጠ ሲያስተምር ኖረ። በ1973 ታትሞ ስሙን በዓለም ያሰማው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አርእስቱ የዚሁ ማንትራ ትርጕም ነው።

ሐኪሞችም ነገሩን መርምረውታል። በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በጣልያን አገር የተመራ ጥናት፣ 23 ጤነኞች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ሌላም ጊዜ የዮጋ ማንትራ ሲደግሙ መዝኗቸው ነበር። በሁለቱም ጊዜ እስትንፋሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ያህል ዝቅ አለ፤ የልባቸውም አመታት ተስተካከለ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው የመዘነው ልብንና ሳንባን ነው እንጂ «እኔ» ማን እንደ ሆነ አይደለም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለምን እንደ ጻፍሁ ልናገርና ልፈጽም።

ባለፈው የትምህርት ዘመን በክፍሌ ውስጥ ቍጥር የማይገባው አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አቁሜው መልሱ ሲጠፋው፣ በጓደኞቹ ፊት «ዜሮ» ብዬ ጠራሁት። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ በኋላ ልጁ ከኋላ መቀመጥ ጀመረ፤ ቀጥሎም አንዳንድ ቀን ይቀር ጀመር። ለዜሮ የሒሳብ ሥርዓት ያበጀለት በ628 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር መጽሐፉን የጻፈው የሕንዱ ብራህማጉፕታ መሆኑን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ነው ያ መምህራችን ትዝ ያሉኝ። እኛ በቍጥር ሰድበናቸው ሣቁ። እኔ ልጁን በቍጥር ሰደብሁት፤ እሱ ግን አልሣቀም።

ያን ጊዜ ነው የዚያች ደቂቃ ትርጕም በመጠኑ የታየኝ። መምህራችን በየቀኑ ከስማቸው፣ ከማዕርጋቸውና ከንዴታቸው ላይ ቀንሰው ይገቡ ነበርና ስድባችን የሚያርፍበት ቦታ አላገኘም። ከሁሉም የበለጠው ግን፣ ወረቀት የሚወራወሩት ልጆች ለእሳቸው ሌላ አልነበሩም። «እሱ» እኔ ከሆንሁ ያ በሰሌዳው ፊት አንገቱን የደፋው ልጅ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ያ ልጅ አስረዳኝ። ፍልስፍናው እውነት ይሁን ሐሰት እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን የሚያሳፍር ጥያቄ የሚያስነሣ ትምህርት ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም።

በማግሥቱ በክፍሉ ሁሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደል፣ መምህር» ብሎ ተቀመጠ። ምንም እንደ ነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። አሁን ወደ ፊት ወንበር ተመልሷል፤ መልሱን ግን ገና በሹክሹክታ ነው የሚናገረው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ክፍል ስገባ ጠመኔ ከማንሣቴ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ወረቀት ሲወራወሩ እሰማለሁ። ምን የሚል ስም እንዳወጡልኝ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።